ኦክቶበር ሲገባ የሚታመሙት ኦርኪዶች፦ ከሚኒሶታ የአንድ ቤት ጉዳይ

የዛሬው ጉዳይ የባለቤቴ አክስት ቤት ያሉ ኦርኪዶች ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ የጅማ ሰው ናቸው፣ አሁን ሚኒሶታ ከሴንት ፖል ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ይኖራሉ። የሰፈሩ ውሀ ከወንዝ ሳይሆን ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፣ ይሄን የውሀ ነገር ያዙልኝ በኋላ ይመጣል። እኔ ስራዬ ግሪንሃውስ ውስጥ ስለሆነ ዘመድ ቤት ስሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የታመመ ተክል ነው የሚያሳዩኝ፣ ለምጄዋለሁ፣ ግን የእትዬ ቤት ነገር ለየት ስላለብኝና "በዊንተር ኦርኪድ ማዳበሪያ ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ከነዝርዝሩ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሳሎን ውስጥ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለ። እዛ ላይ ፋላኖፕሲሶች ተደርድረዋል፣ ያው ሱፐርማርኬት የሚሸጠው፣ ሰፋፊ ቅጠልና ረጅም የአበባ ዘንግ ያለው፣ ሰው ኦርኪድ ሲል የሚያስበው እሱን ነው። ከነሱ ጋር አንድ ዴንድሮቢየም ኖቢሌ፣ አንድ ካትሊያ፣ አንድ ፓፊዮፔዲለም አለ። ቤዝመንት ደግሞ ልጃቸው ግሮው ላይት ገጥማላቸው ሌሎች ፋላኖፕሲሶች እዛ ስር ናቸው፣ መብራቱ በቀን 12 ሰአት ይበራል። ከጁን ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ሁሉም ውጪ ይወጣሉ፣ ከቤቱ ጀርባ ዛፍ ጥላ ስር፣ ማታ ማታ ብርዱ ሲጀምር ይገባሉ።

ችግሩ በየአመቱ አንድ አይነት ነው። በጋውን፣ ሰመሩን ማለቴ ነው፣ ሙሉ ያምርባቸዋል፣ ኦክቶበር አልፎ ኖቬምበር ሲገባ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆንና ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ አረንጓዴ መሆን የነበረበት የሥር ጫፍ ደርቆ ይቆማል፣ የተተከሉበት የዛፍ ቅርፊት ላይና የማሰሮው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ጨው ይጋገራል። እምቡጥ የያዘው ሳይፈነዳ ይረግፋል። ዴንድሮቢየሟ ደግሞ አበባ ማውጣት ባለባት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ልጅ ተክል፣ ኬይኪ የሚሉትን፣ ትደረድራለች። ከሁሉም የከፋችው ፓፊዮፔዲለሟ ነበረች፣ ግማሽ ቅጠሏ ሄዷል።

እትዬን "ምን ምን ይሰጧቸዋል?" አልኳቸው። ሰማያዊውን የማዳበሪያ ዱቄት አሳዩኝ፣ 20-20-20፣ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የናይትሮጅን የፎስፈረስና የፖታሲየም ፐርሰንት ናቸው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ጋሎን፣ ውሀ በጠጡ ቁጥር። "በዊንተርም?" ስላቸው ተገረሙብኝ። "አንተ ልጅ፣ እኛ በብርድ ሾርባ አብዝተን የለ እንዴ፣ እነሱስ በምን ይቁሙ?" አሉኝ። ከዛ ላይ ቡና ከተጠጣ በኋላ አተላው ማሰሮዎቹ ላይ ይገለበጣል፣ ይሄን ሳልጠይቃቸው በአይኔ ነው ያየሁት።

ሾርባው ጥሩ አባባል ነው ግን እዚህ ጋ አይሰራም። ተክል ምግቡን የሚሰራው ከብርሃን ነው፣ ማዳበሪያ የምንለው ናይትሮጅኑ ፎስፈረሱ ፖታሲየሙ ምናምኑ ለግንባታው የሚያስፈልግ ማዕድን እንጂ ጉልበት የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ግንባታው ከቆመ ማዕድኑ ማሰሮው ውስጥ ተቀምጦ ይጠራቀማል። ሚኒሶታ 45 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነች። ጁን ላይ ቀኑ ከ15 ሰአት ተኩል በላይ ነው፣ ዲሴምበር 21 አካባቢ ግን ከ9 ሰአት ያንሳል፣ እሱም ደመና ከሌለ። ከመስኮት መስታወት ጀርባ ያለ ተክል ሲሆን ደግሞ ከዛም ላይ ይቀነሳል። ስለዚ ጁን ላይ የሚበላውን ዲሴምበር ላይ ሊበላ አይችልም፣ ሂሳቡ አይመጣም።

ሂሳብ ካነሳን መጠኑን እንየው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ወደ 5 ግራም ይመዝናል እንበል፣ 20 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ነው፣ ማለትም 1 ግራም፣ እሱ 3.8 ሊትር ውሀ ውስጥ ሲገባ በሊትር ወደ 264 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሆናል። እኛ ግሪንሃውስ ውስጥ ሙሉ ብርሃንና ሙቀት ያለው ፋላኖፕሲስ እንኳን ውሀ በጠጣ ቁጥር የሚያገኘው ከዚህ ግማሽ ቢሆን ነው፣ እትዬ ደግሞ ዲሴምበር ላይ መስኮት ስር ያለውን ሙሉውን ሰጥተውታል። ሩብ ማንኪያ ቢሆን ወደ 66 ይወርዳል፣ ይሄን ቁጥር በኋላ እንጠቀምበታለን።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፣ ማዳበሪያው በዛ፣ ይቀነስ፣ በቃ። ልጃቸውም ኢንተርኔት ላይ ያነበበችው እሱን ነበር፣ "ከኖቬምበር እስከ ማርች ምንም እንዳትሰጪ"። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ዊንተር ሙሉ እሱን ሞክረውታል። ዱቄቱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው ያስቀመጠችባቸው፣ እትዬ አሁንም ድረስ ይሄን ሲያወሩ ይናደዳሉ። እና ምን ሆነ፣ የቅጠሉ ጫፍ እንደበፊቱ ተቃጠለ! ነጩም ጨው ተጋገረ። ቤዝመንት መብራት ስር ያሉት ደግሞ የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ወደቀ፣ የአበባው ዘንግ ወጣ ግን አበባው ጥቂት ሆነ። ከዛ በቀጣዩ አመት አንድ ጓደኛቸው "አበባ የሚያመጣ" የተባለ መሀል ላይ ያለው ቁጥር ትልቅ የሆነ ማዳበሪያ አመጡላቸው፣ ፎስፈረሱ የበዛ ማለት ነው፣ እሱም ምንም አልለወጠም።

ለኔ ቁልፉ ነገር እዚህ ጋ ነበር። ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ በቆመበት ዊንተር ቃጠሎው ካልቆመ ሌላ የሚያቃጥል ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛ ነገር፣ በጋ ላይ ያንኑ ሙሉ ማንኪያ እየሰጧቸው ነው ግን አይቃጠሉም። እርግጥ በጋ ላይ ውጪ ስላሉ ዝናብ ያጥባቸዋል፣ ብርሃንም ስላለ ይበሉታል፣ ግን ይሄ ብቻውን ማዳበሪያ ባልተጨመረበት ዊንተር የተቃጠለውን ጫፍ አያስረዳም።

"ውሀውን ከየት ነው የሚቀዱት?" ብዬ ጠየቅኩ። ከኩሽና። "በጋስ?" በጋ ላይ ከውጪው ቧንቧ በጎማ። ልጅቷ ወዲያው "ውሀው አይደለም፣ ለክቼዋለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቲዲኤስ የሚለካ እስክሪብቶ የመሰለች መሳሪያ አላት፣ የውጪውንም የኩሽናውንም ለክታ ቁጥሩ ተቀራራቢ ስለሆነባት ውሀውን ከተጠርጣሪ ዝርዝር አውጥታዋለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው፣ እኔም መሳሪያዋን አልተጠራጠርኩም፣ በትክክል ነው የለካችው።

ቤዝመንት ስወርድ ግን ከመብራቱ ማዶ፣ ከውሀ ማሞቂያው አጠገብ፣ የጨው ከረጢት ተደርድሯል። የውሀ ሶፍትነር። እዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሀ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚበዛበት ሳሙና አያረፋም፣ ቧንቧ ይደፍናል፣ ስለዚ ብዙ ቤት ሶፍትነር አለ። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ውሀው ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ከውሀው የሚቀንሰው ነገር የለም፣ ይቀይረዋል እንጂ። የቲዲኤስ መሳሪያ ደግሞ ውሀው ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ ነገር ነው የሚገምተው፣ ካልሲየም ይሁን ሶዲየም አይለይም፣ ስለዚ ከሶፍትነሩ በፊትም በኋላም ቁጥሩ ያው ነው። ለተክል ግን ያው አይደለም፣ አንዱ የሚፈልገው ማዕድን ነው፣ ሌላው የገበታ ጨው ውስጥ ያለው።

የእትዬ ሶፍትነር የተሞላበት ሃርድነስ፣ የካልሲየምና የማግኒዚየሙ ብዛት ማለት ነው፣ 20 ግሬይን በሚባለው መለኪያ ነበር። ይሄ ወደ ሶዲየም ሲቀየር በሊትር 157 ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል፣ ለሰው ብዙም የማይሰማ፣ ለኦርኪድ ሥር ግን ከባድ። የውጪው ቧንቧ ደግሞ እንደ ብዙ ቤት ከሶፍትነሩ ጋር አልተያያዘም፣ ሳርና አትክልት ስለሚጠጣበት። እና ኦክቶበር ላይ ምን ይደረጋል? ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ የውጪው መስመር ይዘጋል። በቃ፣ በዛው ሳምንት ኦርኪዶቹ ከጥሬው ውሀ ወደ ሶዲየሙ ውሀ ይዛወራሉ፣ በዛው ሰሞን ማሞቂያው ይነሳል፣ የቤቱ አየር ይደርቃል፣ ከማሰሮው የሚተነው ውሀ ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፣ እዛው ይቀራል፣ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ይጨመርበታል። ማዳበሪያውም ያው ጨው ነው፣ እሱም ከላይ ይደረብበታል። ሶስት ነገር በአንድ ወር ውስጥ ስለሚገናኝ ነው በሽታው ከብርዱ ጋር የመጣ የሚመስለው።

እትዬ የሶፍትነሩን ነገር ስነግራቸው መጀመሪያ አልተቀበሉኝም፣ "እኔ እኮ ይሄን ውሀ እጠጣዋለሁ፣ ቡና አፈላበታለሁ" አሉ። ከዛ የገጠመላቸውን ሰውዬ መውቀስ ጀመሩ፣ ሰውዬው ግን የተጠየቀውን ነው የሰራው፣ ኦርኪድ አለኝ ያለው ሰው የለም።

አሁን ውሀውን ከየት እናምጣ? ሶስት መንገድ ነበር። ሶፍትነር ላይ ባይፓስ የሚባል ቫልቭ አለ፣ እሱን አዙሮ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ጥቂት ደቂቃ አፍስሶ ጥሬውን ውሀ በባልዲ መቅዳትና መመለስ፣ ነጻ ነው፣ ግን ጥሬው ውሀ ራሱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ዊንተሩን ሙሉ እሱን ብቻ መስጠት አልወደድኩትም። ሁለተኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ ከሲንኩ ስር ማስገጠም ነው፣ ጥሩ ነው ግን ወጪ አለው። ሶስተኛው በሩን ከፍቶ ማየት ነው፣ ሚኒሶታ ነን፣ ጃንዋሪ ነው፣ ደጁ በሙሉ ንጹህ ውሀ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፣ እዚህ ያሉ ኦርኪድ አሳዳጊዎች የሚጠቀሙበት ነገር ነው። ከመንገድ ዳር ወይ መኪና ከሚቆምበት አይወሰድም ምክንያቱም እዛ ጨው ይበተናል፣ ከጓሮ ነው፣ ላዩን። ከዛ ቀልጦ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ሌሊት ማሳደር። ለስላሳ አዲስ በረዶ ከሆነ አስር ባልዲ ቀልጦ አንድ ባልዲ ውሀ ቢሆን ነው፣ እትዬ የመጀመሪያውን ባልዲ ሲያዩ "ይሄ ሁሉ ዝቄ ይቺን ታህል?" ብለው ሳቁ፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ነው የሚያዙት።

የመጨረሻው ስሪት ግማሽ የበረዶ ውሀ ግማሽ ከባይፓስ የተቀዳ ጥሬ ውሀ ሆነ። ምክንያቱም ንጹህ የበረዶ ውሀ ብቻ ከሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ ያ ሰማያዊ ዱቄት ደግሞ ካልሲየም የለውም። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ከጥሬው ውሀ ያገኙታል። ወደፊት ዱቄቱ ሲያልቅ ግን እንዲቀይሩ ነግሬያቸዋለሁ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለኦርኪድ ያወጣው ቀመር አለ፣ ለንጹህ ውሀ 13-3-15 ካልሲየምና ማግኒዚየም የተጨመረበት፣ ለጉድጓድ ውሀ 19-4-23፣ በተለያየ ስም ይሸጣል። መሀል ያለውን ቁጥር እዩት፣ 3 እና 4 ነው፣ ኦርኪድ ፎስፈረስ የሚፈልገው ያን ያህል ነው። ሌላው የዱቄቱን ጀርባ ማንበብ ነው፣ ናይትሮጅኑ በምን መልክ እንደመጣ ይጽፋል። አብዛኛው ዩሪያ ከሆነ ማሰሮው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ እንዲቀይሩት ይጠበቃል፣ ቀዝቃዛ መስኮት ላይ ደግሞ እነሱም ይዘገያሉ። ናይትሬት የሚባለው፣ ሥሩ ሳይቀየር በቀጥታ የሚወስደው መልክ፣ የሚያመዝንበት ለዊንተር ይሻላል።

ጨው የተጋገረባቸውን መጀመሪያ አጠብናቸው። ሲንክ ውስጥ አስቀምጦ በዝግታ ውሀ ማፍሰስ፣ ከታች በደንብ እንዲወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ጨዉ ሲሟሟ እንደገና ማፍሰስ። ላይ ላዩን ነጭ የሆነውን ቅርፊት አንስቶ መጣል። የቡናውን አተላም አወጣነው፣ ቅርፊቱ መሀል ገብቶ አየሩን ደፍኖት ነበር፣ ትንንሽ ዝንብም ያረባው እሱ ነው። እትዬ ይሄኛው ላይ ትንሽ ከፋቸው፣ ለበረንዳው ጽጌረዳ ይሁን ብለን ተስማማን። በነገራችን ላይ ሱፐርማርኬት የገዟት አንዷ ላይ "በሳምንት ሶስት በረዶ" የሚል ወረቀት ነበረባት፣ የማቀዝቀዣ በረዶ ማለት ነው። በረዶው ራሱ ፋላኖፕሲስን እንደማይጎዳ ተጠንቷል፣ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፣ በሶስት ቁራጭ በረዶ ማሰሮ አይታጠብም፣ ማዳበሪያ ከተሰጠው ጨዉ የሚወጣበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ማን ይብላ ማን አይብላ። እኔ እንደማምነው ካላንደር አይደለም የሚወስነው፣ ተክሏ እያደገች ነው ወይ የሚለው ነው፣ እሱም ብርሃን ላይ ይወሰናል። እትዬ ቤት ባለው አንድ ዊንተር ውስጥ አራት አይነት መልስ ነው ያለው።

ቤዝመንት መብራት ስር ያሉት ፋላኖፕሲሶች ዊንተር መግባቱን አያውቁም፣ 12 ሰአት ብርሃን አላቸው፣ ቅጠል እያወጡ ነው፣ በዛ ላይ የአበባ ዘንጋቸው የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ነው፣ ቤቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል። እነዚህን ማስራብ ነበር ዱቄቱ የተቆለፈበት ዊንተር ስህተት። ዪን-ቱንግ ዋንግ የሚባሉ ተመራማሪ ቴክሳስ ውስጥ ይሄንኑ ፈትሸው በ2000 ያወጡት ስራ አለ፣ ማዳበሪያው ቀደም ብሎ የተቋረጠባቸው ፋላኖፕሲሶች አበባቸው አነሰ፣ ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ደግሞ አበባውን አላፈጠነውም አላተለቀውም። ልጃቸው ቁምሳጥን የቆለፈችበትም ጓደኛቸው ያመጡትም ነገር መልሱ እዚህ አለ። ስለዚ እነዚህ ሩብ ማንኪያ በጋሎን፣ አንዴ ማዳበሪያ አንዴ ባዶ ውሀ፣ ባዶው ሲሆን ከታች እስኪፈስ።

መስኮት ላይ ያሉት ፋላኖፕሲሶች ግን ዘገም ብለዋል። ያንኑ ሩብ ማንኪያ፣ ግን በወር አንዴ ገደማ፣ ሥሩ አስቀድሞ በውሀ ከራሰ በኋላ። ደረቅ ሥር ላይ ማዳበሪያ አይፈስም፣ በዊንተርም በበጋም። የሥሩን ጫፍ ማየት ነው፣ አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ከሆነ እየሰራ ነው፣ ጫፉ ድረስ በነጭ ሽፋን ከተሸፈነ ቆሟል፣ ያኔ ውሀ ብቻ።

ዴንድሮቢየሟ ሌላ ታሪክ ናት፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኖቢሌ የሚባለው ዘር የመጣው ከሂማላያ ግርጌ አካባቢ ነው፣ እዛ ሰመሩ ዝናብና ሙቀት፣ ከዛ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅና ቀዝቃዛ ናቸው። ተክሏ ዝናቡ ባለበት ግንዷን ትሰራለች፣ ሲደርቅ ታርፋለች፣ ከእረፍቱ ስትነቃ ግንዷ ላይ በየአንጓው ታብባለች። ሳታርፍ ናይትሮጅንና ውሀ እና ሙቀት ከቀጠለባት አበባ መሆን የነበረበት አይን ወደ ልጅ ተክል ይቀየራል፣ እትዬ ቤት የሆነው በትክክል እሱ ነው። ስለዚ ለሷ ከኦክቶበር ጀምሮ ማዳበሪያ የሚባል ነገር የለም፣ ግንዱ በጣም እንዳይሸበሸብ ብቻ አልፎ አልፎ ውሀ፣ ቦታዋም ከሳሎን ወጥቶ ጫማ የሚወለቅበት ማሞቂያ የሌለው ግን መስኮት ያለው ክፍል ሆነ፣ ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚይዝ። እምቡጡ በደንብ እስኪለይ እዛው።

ይሄ ለእትዬ መግባት ያልፈለገ ነገር ነበር፣ "ማስራብ ነው" ነበር የሚሉት፣ እኔም ጅማን አነሳሁባቸው። ቡናው ጥላ ስር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች አሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ በላይ የኦርኪድ ዝርያ አለ፣ መሬት ላይ የሚበቅሉም ዛፍ ላይ የሚኖሩም፣ ነጭ አበባ ያላቸው እንደ ኤራንጊስ ያሉት ማታ የሚሸቱ። ማን ማዳበሪያ ሰጣቸው? ዝናብ በዛፉ ግንድ ሲወርድ የበሰበሰ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ፣ አቧራ ያጥብና በጣም በቀጠነ መልኩ ሥራቸውን ነክቶ ያልፋል፣ ዝናቡ ሲቆም ምግቡም አብሮ ይቆማል፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ እንዲሁ ጠብቀው ይኖራሉ። "እሱስ እውነት ነው፣ ልጅ ሆነን እናያቸው ነበር" አሉ። ከዛ በኋላ ዴንድሮቢየሟን የከለከላት ማዳበሪያ ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም።

ፓፊዮፔዲለሟ ጨው ከሁሉም በላይ አትችልም፣ ማረፊያ የሚሆን ወፍራም ግንድም የላትም። አዲስ ቅርፊት ውስጥ ተተከለች፣ ሥሯ ግማሹ ሞቶ ስለነበር ተቆረጠ፣ እስክታገግም የበረዶና የጥሬ ውሀ ቅልቅሉ ብቻ፣ ከዛ ፋላኖፕሲሶቹ ከሚያገኙት ግማሽ። ካትሊያዋ አዲስ ቡቃያ ስላልነበራት ውሀዋም ተቀንሶ ማዳበሪያ ቆመባት።

ልጃቸው መሀል ላይ "ታዲያ የሚኒሶታ አበባ ራሱ ኦርኪድ አይደል፣ እሱ እንዴት ይኖራል?" አለችኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ1902 ጀምሮ የስቴቱ አበባ ሮዝና ነጩ የሌዲስ ስሊፐር ነው፣ ከ1925 ጀምሮ መቅጠፍም በህግ የተከለከለ። እሱ ግን የመሬት ኦርኪድ ነው፣ ዊንተር ላይ ከላይ ያለው በሙሉ ይሞትና ከበረዶው ስር በሥሩ ይተኛል፣ የመጀመሪያ አበባውን ለማውጣት እስከ 16 አመት ሊወስድበት ይችላል። ለሳሎን ትምህርት የሚሆን አይደለም።

ውጤቱ። የተቃጠለ የቅጠል ጫፍ ተመልሶ አይድንም፣ ስለዚ ቶሎ ለውጥ እናያለን ብላችሁ አትጠብቁ፣ የሚታየው አዲስ በሚወጣው ቅጠል ነው፣ ውሀው ከተቀየረ በኋላ የወጡት ቅጠሎች ጫፋቸው ንጹህ ነው። ሥሩ ቀድሞ ነው የተናገረው፣ ፌብሩዋሪ ላይ አረንጓዴ ጫፎች መታየት ጀመሩ። በቀጣዩ ዊንተር ቤዝመንት ያሉት ዘንጋቸው እስከ ጫፍ ሞልቶ አበቡ። ዴንድሮቢየሟ ማርች ላይ ቅጠል የረገፈበት ግንድ ላይ አበባ ደረደረች፣ እትዬ ፎቶዋን ለጅማ ዘመድ ሁሉ ልከዋል። ሁሉም ግን አልተስተካከለም፣ መስኮቱ ጥግ ያለችው ፋላኖፕሲስ አሁንም እምቡጧን ታረግፍ ነበር፣ ስናየው የማሞቂያው አየር ከወለሉ በቀጥታ እሷ ላይ ነው የሚነፍሰው፣ ያ ከማዳበሪያም ከጨውም ጋር አይገናኝም፣ ቦታ ስትቀይር ቆመ። ፓፊዮፔዲለሟ ተርፋለች፣ አዲስ ቅጠልም አላት፣ አበባ ግን ገና ነው።

ማዳበሪያውን መልሶ ማሳደጉ ደግሞ በአንዴ አይደለም። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀኑ ሲረዝም መስኮት ላይ ያሉት በወር አንዴ የነበረው በየሁለት ሳምንቱ ይሆናል፣ ማርች 20 ቀንና ሌሊት እኩል ከሆነ በኋላ አዲስ ሥር ያወጣ ሁሉ መብራት ስር እንዳሉት ይያዛል፣ ውጪ ሲወጡ ግማሽ ማንኪያ። ሙሉ ማንኪያ የሚባለውን ዘንድሮ በበጋም ትተውታል።

አሁን የቀረችው ካትሊያዋ ናት። ያለፈው ሰመር አንድ ጥሩ ግንድ ሰራች፣ የአበባ መያዣው ሽፋንም ወጣ፣ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ደረቀ፣ የኔ ጥርጣሬ መስኮቱ ላይ ለሷ ብርሃኑ አይበቃትም የሚል ነው። ስለዚ ዘንድሮ ኦክቶበር ላይ ቤዝመንት ወርዳ መብራቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከግንዱ ስር አዲስ ሥር ከጀመረች ሩብ ማንኪያው ይጀመርላታል፣ ካልጀመረች ውሀ ብቻ እያገኘች ትከርማለች።